ቁርስ የበላች ወደዚህ ትምጣ

ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት ሴት በመሆኔ ብቻ ነው። ኳስ አላውቅም። ያደግሁት ከደብረ ብርሃን በላይ፣ ብርዱ ሰውን ከእሳት ዳር በማያነሳበት አገር ሲሆን፣ እዚያ ሴት ልጅ ስትሮጥ ያየ ሰው ‹‹ማን ሞተ?›› ብሎ ነበር የሚጠይቀው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ዓባይን አሻግረው ፍኖተ ሰላም ሲመድቡኝ የልብስ ስፌትና የቤት አያያዝ ላስተምር ነው የመጣሁት። ዘመድ የለኝ፣ የማውቀው የለኝ። የማውቀው ዳዊቴን ነው፤ እሱንም በጠዋት በጠዋት እደግማለሁ። ሰው የሚለኝን ሰምቼ፣ ሁለት ጊዜ አስቤ፣ አንድ ጊዜ የምመልስ ሴት ስለ ነበርሁ የአገሩ ሰው ቶሎ ወደደኝ። ያን ዓመት ግን አንድ ጊዜም ሳላስብ የመለስሁባቸው ቀኖች ነበሩ፤ የምጽፈው ስለ እነሱ ነው።

በዚያ ዓመት የጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ውድድር ደብረ ማርቆስ ላይ እንደሚደረግ ሲነገር፣ ሴቶችም በመረብ ኳስ ይግጠሙ ተባለ። ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም። የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ፣ የማንኩሳና የጅጋ ልጆች ተቀላቅለው አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ጎልተው የታዩት ተለቅመው የጎጃምን ስም ይዘው ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ ምን አላት ሊል ይችላል። ያኔ ግን ‹‹ዓባይ ማዶ›› ማለት ለብዙው ሰው ባሕር ማዶ ማለት ነበር። የተሻገረ ሲመለስ ዘመድ እየዞረ የሚጠይቀው፣ ሳይመለስ ቢቀር ደግሞ የሚለቀስለት አገር ነበር።

መራጮቹ አራት ነበርን። ዲሬክተሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ደግ ሰው ነበሩ፣ ግን ከበላይ የመጣ ጥያቄ ከመድረሱ በፊት መፍራት ይጀምራሉ። ሁለተኛው ግብረ ገብ የሚያስተምሩት፣ ቅስናም ያላቸው አዛውንቱ መሪጌታ ናቸው። ሦስተኛው የሒሳብ መምህሩ ህንዱ ነው፤ ኳሱንም የሚያሠለጥን እሱ ነበር። አራተኛዋ እኔ። ሴቶች ያለ ሴት አይላኩም ተብሎ ነው የጨመሩኝ። ዲሬክተሩ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ‹‹ወይዘሪት፣ እርስዎ ሐሳብ መስጠት አይጠበቅብዎትም፤ መገኘትዎ ይበቃል›› ብለውኛል። እኔም ተገኘሁ።

ህንዱ መምህር ከሚስቱም ከአገሩም ርቆ የመጣ፣ እንደ እኔ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ለዚህ ይሆናል፣ በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ እየተቀመጠ የሚያጫውተኝ። ግማሽ በእንግሊዝኛ፣ ግማሽ በአማርኛ ነው ወሬው። ቤቱ ሬዲዮ አለው፤ ሌላ ነገር አይሰማበትም፣ የአገሩን የክሪኬት ወሬ ብቻ። ክሪኬት ምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ ከገና ጨዋታችን ጋር አመሳሰልሁት፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በሰፊ ዱላ ይለጋል። በዚያን ሰሞን የአገሩ ቡድን ባሕር ተሻግሮ ሊጫወት ነው፣ ሰዎቹም ተመርጠው አልቀዋል፤ እሱ ግን ተቃጥሎ ሊሞት ነው። አንድ ኳስ ወርዋሪ አስቀርተውበታል። ከእሱ የተሻለ በአገሩ የለም ይላል። በምን ምክንያት ቀረ ስለው፣ ጠባዩ አይመችም ብለው ነው አለኝ።

‹‹ታዲያ ኳሱን የሚወረውረው ጠባዩ ነው ወይስ እጁ?›› አልሁት።

ይህችን ነገር እንዴት እንደ ወደዳት። ለዲሬክተሩ ነገራቸው፣ ለዘበኛው ነገረው፣ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሳይቀር በሒሳብ መካከል ነገራቸው። መራጭ ማለት ከእጅ ሌላ ምንም ማየት የለበትም እያለ ሰነበተ። ሳምንት ሙሉ ከአገሩ መራጮች ጋር በሬዲዮ ሲጣላ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ የምስማማ ነበርሁ።

የእኛዋ ባለ እጅ ከጅጋ በታች ካለ ቀበሌ የመጣች የገበሬ ልጅ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትናገር ወደ መሬት የምታይ። ኳስ ስትይዝ ግን ቀና ትላለች። ከኋላ መስመር ላይ ቆማ ኳሷን ወደ ላይ ጣል አድርጋ በመዳፏ ስትለጋት፣ ከመረቡ ማዶ ያሉት ልጆች እጃቸውን ከመዘርጋት ፊታቸውን ይሸፍኑ ነበር። ወንድሞቿ በገና ሰሞን ሩር ሲለጉ ከዳር ቆማ እያየች ያደገች ናት፤ ‹‹እኔን አያስገቡኝም፣ ዓይኔን ግን ማን ይከለክለዋል›› ብላኛለች።

የምትኖረው ከእኔ ዘንድ ነበር። አባቷ በገበያ ቀን እጇን ይዘው አመጧት። ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም። የሚያገባት ሰው እንደ ጠየቃቸው፣ የእናቷ ልብ ወደዚያ እንዳዘነበለ፣ እሳቸው ግን ሁለት ዓመት ትቆይ እንዳሉ ነገሩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ‹‹እሜቴ፣ ትምህርቱን እኔ አላውቀውም። ትወቀውም ትሳተውም አልጠይቅ። ማተቧንና ጾሟን ግን ከአንቱ እጅ ነው የምቀበል። እሱ ጎደለ ሲሉኝ የሰማሁ ዕለት በቅሎ ጭኜ እመጣለሁ›› አሉ። አደራው ይህ ነው። እሷም አጠገባቸው ቆማ ሰምታዋለች።

ሁዳዴ ገባ። ልጅቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ እኔም እጾማለሁ። ኳሱን የሚለማመዱት ከትምህርት በኋላ፣ ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም ስለ ነበረ፣ እህል ቀምሳ፣ ውኃ ጠጥታ ነው ሜዳ የምትወጣው። ምንም ነገር አልነበረም። ነገር የመጣው የውድድሩ ፕሮግራም ሲመጣ ነው። የሴቶቹ ግጥሚያ ዓርብ በስድስት ሰዓት ተባለ። ቅዳሜ ቢሆን ጣጣ አልነበረውም፤ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ተቀድሶ ይበላል። ግን ቅዳሜው ለወንዶቹ እግር ኳስ ተያዘ፤ የዓርቡም ከሰዓት በኋላ ለወንዶቹ ተያዘ። ለሴቶቹ የቀረው የዓርብ እኩለ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ የምትቆምበት ሰዓት ነው።

ህንዱ ልጆቹን ለዚያ ፀሐይ አለማምዳለሁ ብሎ ልምምዱን ወደ ስድስት ሰዓት አዞረው። ልጅቷም በባዶ ሆዷ ወጣች። ተጫወተች፤ ጥሩ አድርጋ ነው የተጫወተች። ከቀኖቹ በአንዱ ግን ጨዋታው ሲቆም ሜዳው መካከል ቁጭ ብላ ራሷን በጉልበቷ መካከል ቀበረች። ህንዱ አየ። ልጅ ሆኖ በእንዲህ ያለ ፀሐይ አብሮት የሚጫወት ጓደኛው ወድቆ ሳይነሳ መቅረቱን በኋላ ነግሮኛል። ያኔ ግን አልነገረኝም፤ ፊቱ ተለውጦ በቀጥታ ወደ ዲሬክተሩ ሄደ። በማግሥቱ ተሰብሰቡ ተባልን።

ዲሬክተሩ ነገሩን እንዲህ ብለው ከፈቱት። ማንም ሰው ጾም ይፈታ አላሉም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እሳቸውም ክርስቲያን ናቸው። ነገር ግን ቁርስ ሳትበላ ሜዳ የምትወጣ ልጅ በቡድኑ አትሰለፍም። ልጅቷ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብትወድቅ የሚጠየቀው ማን ነው? አባቷ? አባቷ አይጠየቁም።

መሪጌታ ነገሩ ቀላል ነው አሉ። መንገደኛና ሕመምተኛ በጾም አይጨነቅም፤ ደብረ ማርቆስም መንገድ ነው፣ እኔ እፈታታለሁ አሉ። ዲሬክተሩ ተነፈሱ። አለቀ ማለት ነው። ልጅቷን አስጠሯት።

መጣች፤ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች። መሪጌታ በለሆሳስ፣ ‹‹ልጄ፣ ለመንገዱና ለጨዋታው ቀን ፈትቼሻለሁ። ጠዋት ጠዋት ቅመሽ። ዕዳው በእኔ ይሁን›› አሏት።

እጅ ነሳች። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ‹‹እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ። አንቱ ግን የነፍስ አባቴ አይደሉም።››

ዲሬክተሩ ከወንበራቸው ቀና አሉ። እሷ ቀጠለች፤ ድምጿም አልተነሳም። ‹‹ያሰሩኝ የነፍስ አባቴ ናቸው የሚፈቱኝ። እሳቸው ደግሞ ግሽ ዓባይ ሱባዔ ገብተዋል። ለፋሲካ ነው የሚወጡ።››

አንዱ ካህን ያሰረውን ሌላው ካህን አይፈታም ብለው በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ያስተማሯት መሪጌታ ራሳቸው ናቸው። ጢማቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው ሲነቀነቅ አይቼ ያለቀሱ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ሲስቁ ኖሯል። ‹‹ሕጉን አልሳተችም፣ ጌታው። ምን ላድርግ›› አሉ ለዲሬክተሩ።

ዲሬክተሩ ሕጉ ሌላ፣ ኳሱ ሌላ ነው ብለው ልጅቷን አሰናበቱ። ያኔ ነው እኔ የተናገርሁት። ለዲሬክተሩ አልነበረም፤ ለህንዱ ነው። ሳምንት ሙሉ ያንን ኳስ ወርዋሪ በጠባዩ አስቀሩት እያለ ሲያለቅስብኝ እንደ ነበር አስታወስሁት። አንተ የአገርህን መራጮች የምትረግምበት ነገር ይህ አይደለም ወይ፣ የዚችስ ኳስ የሚለጋው እጇ ነው ወይስ ሆዷ አልሁት።

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ትንሽ አስቦ በእንግሊዝኛ መለሰልኝ፤ ነገሩን ሁሉ ላስረዳ ሲል ወደዚያው ነው የሚሸሸው። ያ ሰው ጠባዩ አይጥለውም፤ ባዶ ሆድ ግን ሰውን ይጥላል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም አለ። እውነቱን ነው። ግን አልተውሁትም። ወድቃለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ተቀምጣለች አለ። የቡሬዋም ልጅ ተቀምጣለች አይደል ወይ አልሁት፤ እንዲያውም ተኝታለች፣ በሆዷ የሞላችው የሽንብራ ጥሬ ነፍቷት። መሪጌታ እንደ ገና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ህንዱ የሒሳብ ሰው ነው፤ መፈተኛ ፈለገ። እንግዲያው ነገ በስድስት ሰዓት ቁርስ የበሉትን በአንድ በኩል፣ ያልበሉትን በሌላ በኩል አድርጌ አጋጥማለሁ፤ ዓይናችን ይፍረድ አለ። ዲሬክተሩ ተስማሙ። እኔም እየፈራሁ ተስማማሁ። የማትፈራው ልጅቷ ብቻ ነበረች። ማታ እራት ስንበላ ነገርኋት፤ ‹‹ከእኔ ጋር የሚቆም ማን አለ፣ እትዬ?›› አለችኝ። አላውቅም አልኋት። ውስጡን ግን የሚበሉትን አውቃለሁ፤ ከእሷ በቀር ሁሉም ይበላሉ። ብቻዋን መሆኗ ነው።

በማግሥቱ ሜዳው ዳር የተሰበሰበውን ሰው ሳይ ከየት መጣ አልሁ። ረስቼው ኖሯል፤ ትምህርት ቤቱ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ ነው፣ በሁዳዴ ደግሞ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች፣ የቆሎ ተማሪዎች፣ ሁሉም ቅዳሴ ሊገቡ ሲያልፉ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። የሴት ልጅ ኳስ ለማየት ነው። የቅዳሴው ደወል እስኪደወል ጊዜ አላቸው።

ህንዱ ኳሱን በብብቱ ይዞ መካከል ቆመ። በአማርኛው በጣም ይኮራ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ‹‹ቁርስ የበላች ወደዚህ ትምጣ›› አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

አማርኛው የተሳሳተ መሰለው። ደገመው። ያችው የቡሬ ልጅ ጉንጯ ውስጥ የያዘችውን ቆሎ ማኘክ ስታቆም አየኋት፤ ልትውጠው አልቻለችም፣ ልትተፋው አልቻለችም። የማንኩሳዋ ልጅ የምታድረው ጠላ ከሚሸጡ አክስቷ ቤት ነው፤ አክስቷ አጥሩ ላይ አሉ። በጠዋት ሽሮ በእንጀራ አጉርሰው የላኳት ራሳቸው ናቸው፤ አሁን ግን ሰማይ ሰማይ ያያሉ። የትኛዋ ልጅ ናት በሁዳዴ፣ ቅዳሴ ሊገባ በቆመ ሕዝብ ፊት፣ እኔ በልቻለሁ ብላ የምትወጣ? በልቶ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ‹‹በላሁ›› ብሎ መሰለፍ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስም ነው። ህንዱ ይህን በምን ያውቃል። እኛም ሦስታችን የአገሩን ልማድ የምናውቀው፣ ትናንት ቁጭ ብለን ስንማከር አንዳችንም አላሰብነውም።

ህንዱ ወደ ዲሬክተሩ ዞሮ ይንገሩልኝ አለ። ዲሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው በጥሩ አማርኛ አወጁት፤ ቁርስ የበላችሁ በቀኝ፣ ያልበላችሁ በግራ። ያኔ አንዷ ተነቃነቀች። ሄዳ በግራ ከቆመችው ከጅጋዋ ልጅ ኋላ ቆመች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ከዚያ የቡሬዋም ጉንጯን እንደ ሞላች ሄደች። ሁሉም በግራ ሆኑ። በቀኝ በኩል ህንዱ ከነኳሱ ብቻውን ቀረ።

አጥሩ ላይ ካሉት እናቶች አንዲቱ፣ ያን ቀንም ከዚያም በኋላ ማን እንደሆኑ ያላወቅኋቸው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ‹‹ጌታው ዲሬክተር፣ አንቱስ በየት በኩል ነዎት?›› አሉ።

‹‹እኔ ተጫዋች አይደለሁም›› አሉ ዲሬክተሩ። ሳቁ ከአጥሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደ።

እኔ የበሉትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ህንዱም ዓይኔን አየ። የሚያውቅ ሰው መኖሩን ገብቶታል። ያልተጠየቅሁትን አልመሰክርም ብዬ ዝም አልሁ። ዛሬም ቢሆን ያንን ዝምታ በንስሐ አልቆጥረውም። ደወሉ ተደወለ፣ ሕዝቡ ወደ ቅዳሴው ሄደ፣ እኛም ወደ ቢሮ ገባን።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ቁርስ ያልበላች አትሰለፍም ከተባለ፣ በሕዝብ ፊት አንዲትም የበላች አልተገኘችም፤ ስለዚህ ቡድን የለም። መሪጌታ ይህን እያዋዙ ሲናገሩ ዲሬክተሩ ጠረጴዛውን በጣታቸው ይመታሉ። በመጨረሻ፣ ልጆቹን ያሳመፀችው ያቺ የጅጋዋ ናት፤ ሌሎቹ ይሂዱ፣ እሷ ለመቀጫ ትቅር አሉ። በጾሟ አይደለም አሉ፤ በጠባይዋ ነው።

‹‹በጠባይዋ›› የሚለውን ሲሰማ ህንዱ ራሱን ቀና አድርጎ ዲሬክተሩን አያቸው።

‹‹እሷ ከቀረች እኔም እቀራለሁ›› አልሁ።

‹‹ይቅሩ፣ ወይዘሪት። ማን ያዘዎት።››

‹‹እሺ። እንግዲያው በየቤታቸው ሄጄ ልንገራቸው።››

ዲሬክተሩ ወዲያው አልገባቸውም። መሪጌታ ናቸው ያስገቧቸው፤ ቀስ ብለው። ቡሬ ድረስ፣ ማንኩሳ ድረስ፣ ጅጋ ድረስ በእግሬና በጭነት መኪና ሄጄ፣ በየቤቱ ገብቼ፣ በልጆቻችሁ መካከል እኔ እተኛለሁ፣ የበላሁትን ይበላሉ፣ የተኛሁበት ይተኛሉ ብዬ በስመ ሥላሴ ምዬ ነው አባቶቹ እሺ ያሉት። ያች የዓባይ ማዶዋ ሴት ካልሄደች አንድም አባት ልጁን አይሰድድም። ይህን ቀድሜ አውቀዋለሁ። ጥንቁቅ ሴት ነኝ ብያለሁ፤ ምን በእጄ እንዳለ ሳላውቅ አፌን አልከፍትም።

ዲሬክተሩ ፊታቸው ቀላ። አንቱታውንም ረሱት። ‹‹ልታስፈራሪኝ ነው?››

‹‹አይደለም፣ ጌታዬ። እየነገርሁዎት ነው።››

በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠው ህንዱ ነው። በአማርኛ፣ ‹‹ልጅቱ ትሄዳለች›› አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ‹‹ግን ሜዳ ላይ ካየሁ አወጣለሁ። አንቺ አትናገሪም።››

‹‹ከወደቀች›› አልሁት።

‹‹ከተቀመጠች።››

‹‹ከወደቀች። ተቀምጣ የተነሳችን ሰው ወደቀች አይባልም፤ በእናንተም አገር እንዲሁ ይመስለኛል።››

አንገቱን ነቀነቀ። የእሱ አገር ሰው አንገቱን ሲነቀንቅ እሺ ይሁን እንቢ ይሁን አይለይም፤ እኔ እሺ ነው ብዬ ያዝሁት።

ደብረ ማርቆስ አራታችንም መራጮች ከልጆቹ ጋር ሐሙስ ገባን፤ እኔና ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ ሣር ተጎዝጉዞልን ተኛን። ዓርብ ጠዋት ለልጆቹ ቁርስ ቀረበ፤ ሰው የሚያያቸው ስላልነበረ በሉ። እኔና እሷ ውጭ ቁጭ ብለን ዳዊት ደገምን። ውኃ እንኳ ትንሽ ጉሮሮሽን አርጥቢ ልላት ዳድቶኝ ነበር፤ የአባቷ አደራ አይደለም የከለከለኝ፣ የራሷ ፊት ነው። ‹‹እትዬ፣ አይፍሩ›› አለችኝ፤ ያላልሁትን ሰምታ።

በስድስት ሰዓት የደብረ ማርቆስ ልጆች ከመረቡ ማዶ ተሰለፉ። ነጭ ሸሚዝ፣ የሸራ ጫማ። የእኛዎቹ እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ነው የለበሱት፣ ከጉልበት በታች፣ ለጉልበት የሚበቃ ሱሪ ከውስጥ ያለው። የመጀመሪያውን ዙር እኛ ወሰድን። የእሷ ኳስ ነው የወሰደው፤ እየለጋች፣ እየለጋች፣ ሕዝቡ ‹‹ያቺ ረጅሟ›› እያለ ይጠራት ጀመር። ሁለተኛውን እነሱ ወሰዱ። በሦስተኛው ፀሐዩ እንደ ምጣድ ሆነ። ኳሷ ከመረቡ ማለፏን ተወች። አንዴ ኳሱ ርቆ ሲሄድና ሲመጣ በመካከሉ ቁጭ አለች፤ ራሷን በጉልበቷ ላይ አደረገች።

ዲሬክተሩ ከኋላዬ፣ ‹‹ይኸው›› አሉ።

ህንዱ ከአግዳሚው ተነሳ። እጁን ሊያነሳ ነው። ከዚያ ወደ እኔ አየ።

‹‹ተቀምጣለች እንጂ አልወደቀችም›› አልሁት።

እጁ መካከል ላይ ቀረ። ፊቱ ላይ ላብ ይወርዳል፤ ከልጅቷ ይልቅ እሱ የሚወድቅ ይመስል ነበር። ሰው የሚፈራውን ነገር ሲያይ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ቃሉን ያጠፈ ቢሆን አልቀየመውም ነበር። እሱ ግን ቁጭ አለ። እሷም ተነሳች። ኳሱን አምጡ አለች፤ ለጋች፤ አለፈላት። ቀጥላ ለጋች፤ መረቡ ያዘባት። በዚያው ተሸነፍን።

ከሜዳው ስንወጣ ዲሬክተሩ አላልኋችሁም ወይ አሉ፤ በባዶ ሆድ ምን ይጠበቃል።

‹‹እሷ በባዶ ሆዷ ተሸነፈች እንበል። በልተው የተሸነፉት ምን ጎድሏቸው ነው?›› አልሁ።

‹‹ማን በልቶ?›› አሉ። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ቆም አሉ። እኔም ቆም አልሁ። ከጎናችን የቡሬዋ ልጅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መንገዱን ስትቀድመን አየሁ። ዲሬክተሩ ከዚያ በኋላ ስለ ቁርስ አላነሱም።

ከተመረጡት መካከል እሷን ማየቴ ለእኔም ድንቅ ነበር። ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ የጠቅላይ ግዛቱን ቡድን የሚያሰናዳው ረጅም ሰውዬ በተሸነፉት ልጆች መካከል ሲያልፍ እሷ ዘንድ ቆመ። አዲስ አበባ የሚሄዱት ከሆሳዕና በፊት ነው አላት። የማይዋሹ ሰው ናቸውና ዲሬክተሩ ቀረብ ብለው ነገሩት፤ ልጅቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማትቀምስ፣ ቄስ እንኳ ቢፈታት እንዳልሰማች። ይህን ያሉት በኋላ እንዳይወቀሱ ነው። ሰውየው እሷን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

‹‹እንዴ፣ ልጅት። ዓባይን ተሻግረሽ፣ ከዚያ ሁሉ ጠቅላይ ግዛት ልጆች ጋር በባዶ ሆድሽ ልትገጥሚ ነው? ወይስ እኛ ምን እንድናደርግ ነው የምትፈልጊው?››

ወደ መሬት እያየች ነበር። ቀና አለች።

‹‹ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቢያጫውቱን ምናለ፣ ጌታዬ?››

ሰውየው አፉን ከፈተ። ህንዱ ወደ ዲሬክተሩ፣ ዲሬክተሩ ወደ መሪጌታ፣ መሪጌታ ወደ እኔ ተያየን። ያን ያህል ስብሰባ ተቀምጠን፣ ሆዷን ልንለውጥ፣ የነፍስ አባቷን ልንለውጥ፣ ልጅቷን ራሷን በሌላ ልንለውጥ ስንማከር፣ ሰዓቱን የመለወጥ ነገር ከአንዳችንም አልመጣም። ፕሮግራም ነዋ፤ ከበላይ የመጣ ነው።

‹‹ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሜዳው የወንዶቹ ነው›› አለ ሰውየው።

‹‹ወንዶቹ በስድስት ይጫወቱ። እነሱ ለመብላት አያፍሩም አሉ።››

ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ‹‹ይህን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ›› የሚል ነበር። አላስተማርኋትም። ባስተምራት ኖሮ ግን አልክድም ነበር፤ ቀና ብዬም አየኋቸው። ሰውየው ፊሽካውን በጣቱ እያሽከረከረ ትንሽ ቆየ፤ ኋላም ለረዳቱ፣ ‹‹የዚችን ነገር ጠይቃችሁ ንገሩኝ፤ ሰዓቱን ያሻሽሉልን እንደሆነ›› ብሎት አለፈ። ህንዱ ውኃ ሊሰጣት ጣሳውን አንስቶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠውና ሰዓቱን አየ። ገና ስምንት ተኩል ነው። እሱ፣ እሷና እኔ እዚያው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ አልን፤ ጣሳው በመካከላችን ሆኖ።